አጣሞ ማቃናት፦ የመርከብ ዋና ሞተር እንዴት ይተከላል?

2,300 ቶን የሚመዝን ሞተር አለ። ቁመቱ 13 ሜትር ተኩል፣ ርዝመቱ 27 ሜትር ገደማ ነው። ሲሊንደሮቹ 14 ናቸው፤ የእያንዳንዱ ፒስተን ስፋት 96 ሴንቲሜትር፣ ከላይ እስከ ታች የሚመላለስበት ርቀት ደግሞ 2 ሜትር ተኩል። በ2006 እ.ኤ.አ. ዴንማርክ ውስጥ ተሠርታ ባሕር የወረደችው «ኤማ ሜርስክ» የተባለች የኮንቴይነር መርከብ ይህን ሞተር ነው የተሸከመችው። ጉልበቱ 109,000 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ሙሉ ፍጥነቱ ላይ ሲደርስ ግን በደቂቃ 102 ጊዜ ብቻ ይዞራል። የመኪናችሁ ሞተር መብራት ላይ ቆሞ ሲጠብቅ እንኳ ከዚህ ሰባት ስምንት እጥፍ ይፈጥናል።

ስለዚህ ሞተር ጉልበት ብዙ ተብሏል፤ እኔን የሚደንቀኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ይህን ሁሉ ብረት መርከብ ውስጥ አስገብቶ የሚያስቀምጠው ሰው የሚለካው በሜትር አይደለም፣ በሴንቲሜትርም አይደለም። የሚሊሜትር አንድ መቶኛ ነው መለኪያው። የደብተር ወረቀት ውፍረት 0.1 ሚሊሜትር ያህል ነው እንበል፤ እንግዲህ በዚህ ሥራ የወረቀት ውፍረት ትልቅ ቁጥር ነው፤ ሰው ያስደነግጣል።

መኪና ያለው ሁሉ አላይመንት ምን እንደሆነ ያውቃል። የመርከብ ሰዎችም ሥራቸውን አላይመንት ነው የሚሉት። ሰው ይህን ሲሰማ ሞተሩን፣ ሻፍቱንና ፕሮፔለሩን በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ማዋል ይመስለዋል። እዚህ ላይ ነው ጨዋታው የሚጣፍጠው፤ መርከብ መሥሪያ ውስጥ ፍጹም ቀጥ ተደርጎ የተተከለ ሻፍት ባሕር ላይ ችግር የሚፈጥር ሻፍት ነው። ጥሩ ባለሙያ ሻፍቱን ሆን ብሎ፣ በስሌት፣ በትክክለኛው መጠን ያጎብጠዋል። ለምን እንደሆነ ለመረዳት መጀመሪያ ምን ከምን ጋር እንደሚያያዝ እንይ።

አብዛኞቹ ትልልቅ የጭነት መርከቦች ላይ ካምቢዮ የለም፤ ፍሪሲዮንም የለም። ፒስተኖቹ የሚያዞሩት የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ክራንክሻፍቱ፣ ከመካከለኛው ሻፍት ጋር፣ መካከለኛው ደግሞ ከፕሮፔለሩ ሻፍት ጋር በወፋፍራም ቡሎኖች ፊት ለፊት ይታሰራሉ። ሞተሩ አንዴ ሲዞር ፕሮፔለሩም አንዴ ይዞራል። መርከቧ ወደ ኋላ መሄድ ስትፈልግ ሞተሩ ይቆምና በተቃራኒው አቅጣጫ ይነሣል፤ ሌላ ዘዴ የለውም። የኤማ ሜርስክ ሞተር ያለው ከመርከቧ ጭራ ራቅ ብሎ ስለሆነ ሻፍቱ ወደ 120 ሜትር ይጠጋል፤ ጫፉ ላይ የተሰቀለው ፕሮፔለር ደግሞ 130 ቶን ገደማ ነው።

ይህ ሁሉ የሚያርፈው በኩሽኔታዎች ላይ ነው። ጋራዥ ውስጥ ኩሽኔታ ሲባል በውስጡ ኳስ የሚሽከረከርበትን ቀለበት ነው የምናውቀው፤ እዚህ ኳስ የሚባል ነገር የለም። ነጭ ብረት በሚሉት፣ አብዛኛው ቆርቆሮ በሆነ ለስላሳ ቅይጥ የተለበጠ ማረፊያ ነው፤ ሻፍቱ የሚንሳፈፈው በራሱ መዞር በሚፈጥረው ስስ የዘይት ንብርብር ላይ ነው። ሻፍቱ ከመርከቧ ወደ ውኃው የሚወጣበት ስተርን ትዩብ የሚባለው ቱቦም ውስጡ እንዲሁ ነው። ጨዋታን ጨዋታ ያነሣዋልና፣ እዚያ ቱቦ ውስጥ ድሮ የሚገባው ብረት ሳይሆን እንጨት ነበር። የመጀመሪያዎቹ ፕሮፔለር ያላቸው የእንፋሎት መርከቦች ናስ ኩሽኔታቸው ቶሎ ቶሎ እየተበላ ባለቤቶቻቸውን ሲያስመርር፣ ጆን ፔን የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ በ1854 ሊግነም ቪቴ የተባለን እጅግ ጠንካራ የሐሩር አካባቢ እንጨት በቁራጭ ቁራጭ ደርድሮ፣ በባሕር ውኃ እያለሰለሰ የሚሠራ ኩሽኔታ አስመዘገበ። እንጨቱ ብረቱን አስናቀው፤ ከመቶ ዓመት በላይም አገልግሏል።

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። መርከቧን የሚገፋት ፕሮፔለሩ ነው፤ ይሁንና ፕሮፔለሩ የሚገፋው ሻፍቱን ነው። ሻፍቱስ መርከቧን የሚገፋው የት ጋ ነው? መልሱ ሞተሩ ኋላ ላይ ነው። ሻፍቱ ላይ እንደ አንገትጌ የወጣ ወፍራም ክብ አለ፤ ይህ ክብ በዙሪያው የተደረደሩ፣ እንደ ልብ ዘንበል ማለት የሚችሉ የብረት ትራሶችን ይጫናል። ትራሶቹ ዘንበል ሲሉ ዘይቱ በሽብልቅ መልክ መካከላቸው ይገባና ብረት ከብረት ሳይነካካ መቶዎች ቶን ይሸከማል። አውስትራሊያዊው አንቶኒ ሚቸል ይህን ሐሳብ በ1905 የፈጠራ መብት ያወጣበት ሲሆን፣ አሜሪካዊው አልበርት ኪንግስበሪም በራሱ መንገድ እዚያው ደርሷል። ለእኛ ዋናው ነገር ምን መሰላችሁ? ያ ግፊት ከትራሶቹ ወደ ሞተሩ መሠረት፣ ከመሠረቱ ወደ መርከቧ ወለል ይተላለፋል። ሞተሩን ከወለሉ ጋር የሚያስሩት ነገሮች የሞተሩን ክብደትና ንዝረት ብቻ አይደለም የሚችሉት፤ መርከቧን ከነጭነቷ የሚገፋት ኃይል በእነሱ በኩል ነው የሚያልፈው።

እሺ፣ ሥራው ከየት ይጀምራል? ከመስመር። የመርከቧ ኋላ ክፍል ተበይዶ ካለቀ በኋላ፣ ከስተርን ትዩቡ መሀል እስከ ሞተሩ መቀመጫ ድረስ አንድ የማመሳከሪያ መስመር ይሰመራል። ዛሬ ሌዘር ነው፤ ከዚያ በፊት በቴሌስኮፕ፣ ከዚያም በፊት በፒያኖ ሽቦ ነበር፤ ሽቦው ዛሬም አልሞተም። ግማሽ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሽቦ ይወጠርና ጫፉ ላይ 40 ኪሎ ይንጠለጠልበታል። የፈለገውን ያህል ይወጠር፣ ሽቦም ክብደት አለውና መሀሉ ላይ ይረግባል። በ20 ሜትር ርቀት መሀሉ ወደ 2 ሚሊሜትር ዝቅ ይላል። በመቶኛ ሚሊሜትር ለሚለካ ሰው 2 ሚሊሜትር ገደል ናት! ስለዚህ ሽቦው በየሜትሩ ስንት እንደረገበ በስሌት ይወጣና ከልኬቱ ላይ ይታረማል።

ደግሞ ይህ ሥራ የሚሠራው ሌሊት ወይም ጎህ ሳይቀድ ነው። ምክንያቱ ፀሐይ ናት። አንድ ሜትር ብረት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር በ0.12 ሚሊሜትር ይረዝማል። ትንሽ ይመስላል። የመርከቧ የላይኛው ወለል በፀሐይ ግሎ ከታችኛው በ20 ዲግሪ ቢበልጥስ? በ100 ሜትር ርዝመት ላይ 24 ሚሊሜትር ይረዝማል ማለት ነው። ላዩ ረዝሞ ታቹ እንደነበረ ሲቀር መርከቧ ጀርባዋን ታጎብጣለች። ማለዳ የተሰመረው መስመር ከሰዓት በኋላ ሌላ መስመር ነው። ትልቅ መርከብ ለዓይን ተራራ ትምሰል እንጂ ቀኑን ሙሉ ስትተጣጠፍ ትውላለች።

ወደ ጉብጠቱ ምክንያት እንምጣ። ፕሮፔለሩ ከመጨረሻው ኩሽኔታ ውጭ ነው የተሰቀለው። መቶ ምናምን ቶን ጫፉ ላይ ሲንጠለጠል ሻፍቱ ወደ ታች ያዘነብላል፤ ኩሽኔታው ቀጥ ብሎ ከተቦረቦረ ደግሞ ሻፍቱ በሙሉ ርዝመቱ አያርፍበትም፤ የኋለኛውን ከንፈር ብቻ ነው የሚጫነው። እዚያ ከንፈር ላይ ዘይቱ ይጨመቅና ይጠፋል፤ ነጩ ብረት ይግላል፤ ቀጥሎም ይቀልጣል። መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው የፊቱን ኩሽኔታዎች ከቀጥታው መስመር ዝቅ አድርጎ ሻፍቱ በተፈጥሮው እንዲጎብጥ መፍቀድ ነው። ሁለተኛው የኋለኛውን ኩሽኔታ ራሱን ሻፍቱ በሚያዘነብልበት ልክ አዘንብሎ መቦርቦር ነው። በሻፍቱና በኩሽኔታው መካከል ያለው የዝንባሌ ልዩነት በሜትር ከ0.3 ሚሊሜትር ካለፈ አዘንብሎ መቦርቦር ያስፈልጋል የሚለው ልክ መርከቦችን መርምረው ደረጃ በሚሰጡት የምደባ ድርጅቶች ዘንድ የታወቀ ነው። 0.3 ሚሊሜትር በሜትር! በዓይን አይታይም።

ሙቀትም አለ። ሞተሩ የሚተከለው ቀዝቃዛ ሆኖ ነው። ሲሠራ የሞተሩ መሠረት ይሞቅና ያድጋል፤ ክራንክሻፍቱንም ይዞት ወደ ላይ ይወጣል። ከመርከቧ ወለል እስከ ክራንክሻፍቱ መሀል አንድ ሜትር ተኩል ነው፣ ሙቀቱም በ30 ዲግሪ ጨመረ ብንል በዚያው ቀመር ከግማሽ ሚሊሜትር በላይ ከፍ ይላል። የስተርን ትዩቡ ኩሽኔታ ግን ባሕሩ እያቀዘቀዘው ያው እንደነበረ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ሲሞቅ የሚያገኘውን ከፍታ አስቀድሞ ቀንሶ ዝቅ አድርጎ መትከል ግድ ይላል።

ሦስተኛው ምክንያት ባሕሩ ነው፤ ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው። መርከብ ደረቅ ላይ ስትሠራ ከታቿ ተደግፋ ቆማለች። ውኃ ላይ ስትወርድ የሚሸከማት ውኃው ነው፤ ስትጭን ደግሞ ወደ ውኃው ጠልቃ ትገባለች፤ በዚህን ጊዜ የሞተር ክፍሉን ወለል ከታች የሚገፋው ግፊት ይበረታል። ወለሉ ወደ ላይ ይነሣል። ሁሉም እኩል ቢነሣ ምንም ባልነበረ፤ የሞተሩ መሀልና የኋላው ኩሽኔታ የሚነሡት ግን በተለያየ መጠን ነው። ባዶ መርከብ ላይ ሸጋ የነበረ አላይመንት ስትጭን ሊበላሽ ይችላል። ለዚህ ነው የመጨረሻው ልኬት መርከቧ ውኃ ላይ ሆና የሚደረገው፣ ስሌቱ ደግሞ ለባዶዋም ለሙሉዋም፣ ለቀዝቃዛውም ለሙቁም የሚሠራው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። የኤማ ሜርስክን 120 ሜትር ሻፍት ያየ ሰው «ይህን ማስተካከል መከራ ነው፤ አጭር ሻፍት ይሻላል» ይላል። የተገላቢጦሽ ነው። ረጅም ሻፍት ይተጣጠፋል፤ መርከቧ ስትጎብጥ አብሮ ይጎብጣል፤ በየኩሽኔታው ላይ ያለው ክብደት ብዙም አይናጋም። የትልልቅ ነዳጅ ጫኝ መርከቦች ሞተር ግን ጭራው ጋ ተጠግቶ ነው የሚቀመጠው፤ ሻፍቱ አጭርና ወፍራም፣ እልኸኛም ነው። አንዱን ኩሽኔታ በአንድ ወረቀት ውፍረት ከፍ ብታደርጉት ቶኖች ከጎረቤቱ ላይ ተነሥተው እሱ ላይ ይከመራሉ። ጎረቤቱ ደግሞ ባዶ ይቀራል። ባዶ የቀረ ኩሽኔታ ዕረፍት ላይ ነው እንዳትሉ፤ ሻፍቱ እያነሣ ይቀጠቅጠዋል። በእነዚህ መርከቦች ላይ የሞተሩ የኋለኞቹ ኩሽኔታዎች የተጎዱባቸው አጋጣሚዎች ናቸው መሐንዲሶችን ስለ ወለሉ መነሣት አጥብቀው እንዲያሰሉ ያደረጓቸው።

ታዲያ ስሌቱ ብረቱ ላይ የሚወርደው እንዴት ነው? ሻፍቶቹ ገና ሳይታሰሩ፣ ፊት ለፊት የሚገጥሙት ክብ ገጾቻቸው ይለካሉ። የአንዱ ሻፍት ገጽ ከሌላው ስንት ዝቅ ብሏል? ላይና ታች ያለው ክፍተት ልዩነቱ ስንት ነው? ስሌቱ ለሁለቱም ጥያቄ ቁጥር አስቀምጧል፤ እኩል ይሁኑ አላለም። ሞተሩ በዚህ ጊዜ የቆመው በማንሻ ቡሎኖች ላይ ነው፤ መካኒኩ በስስ የብረት ቅጠሎች ክፍተቱን እየለካ፣ አንዱን ማንሻ ሩብ ዙር እየጠመዘዘ፣ ሌላውን እያላላ፣ 2,300 ቶኑን ወደ ቁጥሩ ያመጣዋል። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ጉብጠት እዚህ ክፍተት ውስጥ ነው ያለው፤ ቡሎኖቹ ሲታሰሩ ሻፍቱ ወደ ተፈለገው ቅርጹ ይጎተታል።

ከዚያ የክራንክሻፍቱ ተራ ይመጣል። የመርከብ መሐንዲስ ሆኖ ይህን ልኬት ያልሠራ የለም፤ ስሙ ዴፍሌክሽን ነው። ሞተሩ ይቆማል፤ ሳይታሰብ እንዳይነሣ የመነሻ አየሩ ይዘጋል፤ ውስጡ ይናፈሳል። አንድ ሰው በጎኑ በር በኩል ክራንክሻፍቱ ወዳለበት የሞተሩ ሆድ፣ ወደ ክራንክኬዙ ይገባል። ትልቁ ሞተር ውስጥ ይቆማል፣ ይንቀሳቀሳል፤ ዘይቱ ግን ያንሸራትታል። በክራንኩ፣ ማለትም በክራንክሻፍቱ እጥፋት ሁለት ክንዶች መካከል፣ ፋብሪካው በነጥብ ምልክት ያደረገበት ቦታ ላይ፣ በስፕሪንግ የሚቆም የሰዓት ፊት ያለው መለኪያ ይሰካል። ከውጭ ያለው ባልደረባው ማዞሪያውን ሞተር ያስነሣና ክራንክሻፍቱን ቀስ አድርጎ ያዞረዋል። ንባቡ በአምስት ቦታ ይወሰዳል፤ ክራንኩ ከታች ሲነሣ፣ ወደ ጎን ሲደርስ፣ ላይ ሲሆን፣ በሌላው ጎን፣ ተመልሶ ወደ ታች ሲቃረብ። ልክ ታች ላይ ማንበብ አይቻልም፤ ከክራንኩ ጋር የተያያዘው ማገናኛ ዘንግ መለኪያውን ይገጨዋል። ለዚህ ነው ከታች አንድ ሳይሆን ሁለት ንባብ የሚኖረው።

መርፌው ምን ይናገራል? ክራንክሻፍቱ አንድ ቦታ ላይ ከረገበ፣ የረገበው ክፍል የታችኛው በኩል ይሳባል፣ የላይኛው ይጨመቃል። መለኪያው የተሰካው ከክራንኩ ተቃራኒ በኩል ነውና ክራንኩ ላይ ሲሆን መለኪያው ታች ይሆናል፤ ክንዶቹ ይከፈታሉ። ክራንኩ ታች ሲሆን መለኪያው ላይ ይሆናል፤ ክንዶቹ ይዘጋሉ። የሁለቱ ልዩነት መቶኛ ሚሊሜትሮች ነው። ይሁንና ይህ መከፈትና መዘጋት በእያንዳንዱ ዙር ይደጋገማል፤ በደቂቃ 102 ዙር ማለት በቀን ወደ 147,000 ጊዜ ማለት ነው። ብረት አንዴ ሲታጠፍ ቢችልም፣ በወር ከ4 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ሲታጠፍ ይደክማል፤ ስንጥቅ ይጀምራል። በመርከብ ላይ ከከፉት ብልሽቶች አንዱ የክራንክሻፍት መሰንጠቅ ነው፤ መለዋወጫው መደርደሪያ ላይ የሚገኝ ዕቃ አይደለማ!

ልኬቱ ግን ሊያታልልም ይችላል። ክራንክሻፍቱ ከባድና ግትር ስለሆነ፣ ከሥሩ ያለው ኩሽኔታ ዝቅ ቢል እሱ ላይ ሳያርፍ እንደ ድልድይ በላዩ ሊያልፍ ይችላል፤ መርፌውም ሰላም ነው ይላል። ስለዚህ ሻፍቱ በየኩሽኔታው በእርግጥ ማረፉ ተለይቶ ይታያል። ደግሞም ንባቡ የተወሰደበት ሁኔታ አብሮ ካልተጻፈ ቁጥሩ ዋጋ የለውም፤ መርከቧ ከፊትና ከኋላ ስንት ሜትር ውኃ ውስጥ ነበረች? ጭነቱ ምን ያህል ነበር? ሞተሩ ሞቃት ነበር ወይስ ቀዝቃዛ? እኔ አንድ መዝገብ ይህን ካልያዘ ባልተለካ እቆጥረዋለሁ።

ሞተሩ ቁጥሩን አገኘ እንበል። አሁን በማንሻ ቡሎኖች ላይ እንደቆመ ለዘለዓለም አይኖርም፤ በእግሩና በወለሉ መካከል ያለው ክፍተት መሞላት አለበት። የሚሞላው መደላድል በሙያው ቋንቋ ቾክ ይባላል። ድሮ ቾክ ማለት የብረት ቁራጭ ነበር። ወለሉ ፍጹም ጠፍጣፋ ስላልሆነ እያንዳንዱ ቁራጭ የራሱ ውፍረትና የራሱ ዝንባሌ አለው። መካኒኩ ቁራጩን ሰማያዊ ቀለም ይቀባውና ያስገባዋል፣ ያወጣዋል፣ የነካበትን ቦታ አይቶ በሞረድ ያነሣዋል፣ በመፋቂያ ይፍቀዋል፣ እንደገና ያስገባዋል። ከሁሉ የሰሳው የብረት ቅጠል እንኳ በጎኑ እስካልገባ ድረስ። አንድ ሞተር በደርዘን የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ቁራጮች ይፈልጋል፤ ወገብ የሚያጎብጥ ሥራ ነበር።

ከ1960ዎቹ ወዲህ ግን ኢፖክሲ መጣ። በሞተሩ እግር ዙሪያ በስፖንጅና በላሜራ ግድብ ይሠራል። የቡሎን ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ፤ ነገ ማውጣት ቢያስፈልግ እንዳይጣበቅ ብረቱ በማላቀቂያ ይረጫል። ሙጫውና ማጠንከሪያው ባልዲ ውስጥ በድሪል ላይ በተገጠመ መቀላቀያ ይቀላቀላሉ። ከዚህ በኋላ መዘግየት የለም፤ ድብልቁ በራሱ መሞቅና መወፈር ይጀምራል። አየር እንዳይታፈን በአንድ ጥግ ብቻ ቀስ ብሎ ይፈሳል፤ ከእግሩ ሥር አልፎ በሌላው በኩል ከፍ ብሎ እስኪታይ ድረስ። በ20 ዲግሪ አካባቢ አንድ ቀን ያህል ይፈጅበትና እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። የወለሉን እያንዳንዱን ጉድጓድና ጭረት ሞልቷልና የሚፋቅ ነገር የለም። ሞተሩም ሙጫው በክብደት የሚጨመቅባትን ጥቂት ታህል ከፍ ተደርጎ ነው የሚጠብቀው። ሽማግሌ መካኒኮች የፋቂ እጅ ጥበብ ጠፋ ብለው ሲቆጩ ይገባኛል፤ ግን እውነቱን እንነጋገር፣ ኢፖክሲው ይሻላል። ሰው የፋቀው ቁራጭ እንደ ሰውየው ነው፤ አንዱ ሙሉ በሙሉ ይነካል፣ ሌላው በጥጉ ብቻ።

ቡሎኖቹም የዋዛ አይደሉም። ረጃጅም ናቸው፤ እንዲረዝሙም ከሥራቸው ቱቦ ይደረግላቸዋል። ረጅም ቡሎን ሲወጠር ብዙ ይለጠጣል፤ ቾኩ ከጊዜ በኋላ ጥቂት ቢጨመቅ እንኳ ውጥረቱ አይጠፋም። አጭር ቡሎን ቢሆን በዚያችው ጥቂት መጨመቅ ላልቶ ይቀር ነበር። የሚጠብቁትም ዳዶውን በቁልፍ በመታገል አይደለም። የዘይት ግፊት ቡሎኑን ወደ ላይ ይስበዋል፤ እንደተለጠጠ ዳዶው በእጅ ይወርዳል፤ ግፊቱ ሲለቀቅ ቡሎኑ ሊያጥር ሲሞክር ሞተሩን ጠርቆ ይይዘዋል። የፕሮፔለሩን ግፊት የሚችሉት ደግሞ ቀዳዳቸውን ያለ አንዳች ክፍተት የሚሞሉ ልዩ ቡሎኖች ወይም ከሞተሩ ጫፍ የሚቆሙ መደገፊያዎች ናቸው። ረጅሙ ሞተር ከላይ እንዳይወዛወዝም አናቱ ከመርከቧ ግድግዳ ጋር ይያያዛል።

ሁሉም ሞተር እንዲህ አይተከልም። በመንገደኞች መርከብ ላይ ያሉት ፈጣን የሆኑት ባለ አራት ምት ሞተሮች ብዙ ጊዜ በጎማ ትራስ ላይ ነው የሚያርፉት፤ ተኝቶ የሚጓዘው ሰው ንዝረት እንዳይሰማው። እነሱ ተጣጣፊ መገጣጠሚያ አላቸውና አላይመንታቸው ሌላ ወግ ነው።

ሁሉም ታስሮ ካለቀ በኋላ አንድ ፈተና ይቀራል። «ይህ ኩሽኔታ ስንት ቶን ነው የተሸከመው?» ለሚለው ጥያቄ ኩሽኔታው ራሱ አይመልስም፤ ክሪክ ይጠየቃል። ከኩሽኔታው አጠገብ፣ ከሻፍቱ ሥር የሃይድሮሊክ ክሪክ ይቆማል፤ ከሻፍቱ በላይ መለኪያ ይቀመጣል። ግፊቱ ቀስ በቀስ ሲጨመር ሻፍቱ መጀመሪያ እንቢ ይላል፤ ቶን ይጨመራል፣ መርፌዋ ግን ትንሽ ብቻ ነው የምትነቃነቀው። ድንገት በአንድ ነጥብ ላይ ጠባዩ ይለወጣል፤ በጥቂት ጭማሪ ብዙ ይነሣል። ሻፍቱ ኩሽኔታውን ለቀቀ ማለት ነው። ግፊቱንና ከፍታውን በወረቀት ላይ ስታስቀምጡ መስመሩ ይታጠፋል፤ ከታጠፈ በኋላ ያለው ቀጥታ ክፍል ወደ ዜሮ ከፍታ ሲዘረጋ የኩሽኔታውን ሸክም ይነግራችኋል፤ ክሪኩ ልክ ኩሽኔታው ላይ ስላልቆመ ትንሽ ማረሚያ ይደረግበታል። የምደባ ድርጅቱ መርማሪ አጠገብ ቆሞ ያያል፤ ቁጥሩ ከስሌቱ ጋር ካልተቀራረበ የባሕር ሙከራው ይቆያል።

ይህ ሁሉ ለእኛ የሩቅ ነገር አይደለም። ኢትዮጵያ ወደብ ባይኖራትም እንደ ጅግጅጋ፣ ጋምቤላና ሐረር ያሉ የከተማ ስም የያዙ መርከቦች አሏት። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ባለው የማሪታይም ማሠልጠኛና ቢሾፍቱ ባቦጋያ ባለው አካዳሚ ያለፉ ወጣቶችም ዛሬ በዓለም ዙሪያ በመርከብ ሞተር ክፍሎች ውስጥ ይሠራሉ። ከዘመድ ከጎረቤት እንዲህ ያለ ልጅ ካላችሁ፣ ለእረፍት ሲመጣ ስንት አገር እንዳየ ብቻ አትጠይቁት። ክራንክኬዝ ገብቶ ዴፍሌክሽን ለክቶ እንደሆነና የመጨረሻው ሲሊንደር ስንት እንዳነበበ ጠይቁት፤ ቡና ሦስተኛው እስኪደርስ የሚበቃ ወሬ አለው።